ቀይ ክር የታሰረባቸው ሰላጣዎች

በ1975 ዓ.ም. በታኅሣሥ፣ ከእንጦጦ የሚወርደው የበጋ ውርጭ ጠዋት ጠዋት ሣሩን ሲያነጣው፣ ጓሮዬ ውስጥ የነበረው ሰላጣ በሙሉ በአንድ ሳምንት አገዳ አወጣ። ሰላጣ አገዳ አወጣ ማለት አለቀ ማለት ነው። ቅጠሉ ይሾላል፤ መሐሉ እንደ ዘንግ ወደ ላይ ይመዘዛል፤ ሲቆርጡት ነጭ ወተት ያወጣል፤ ቢቀምሱት እንደ ግራዋ ይመራል። ሦስት መደብ ነበረኝ። ሦስቱም እንዲያ ሆኑ።

ይህን የምጽፈው ልጆቼ ጻፊ ስላሉኝ ነው። ዘንድሮ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ኩትኳቶውን ትቻለሁ። ትልቋ ልጄ ደብተር ገዝታ አመጣችና «እማዬ፣ የሰላጣውን ነገር ጻፊው» አለችኝ።

«የሰላጣ ደግሞ ምን ይጻፋል?» አልኳት።

«እኛን ያሳደግሽበት አይደል እንዴ?»

እውነቷን ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለት ልጅ በሰላጣ አሳድጌያለሁ። የታኅሣሡን ነገር ለመናገር ግን ሦስት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

ቤቴ ከቁስቋም ማርያም በታች ነው። ከኋላው ወደ ወንዙ የሚያዘቀዝቅ ቁራጭ መሬት አለ። ባለቤቴ ያረፈው ትንሿ ልጄ ጡት ሳትጥል ነው። እሱ ካረፈ ወዲህ መሬቱን የነካው አልነበረም፤ ሳማ ወርሶት ነበር። እኔ የአንድ መሥሪያ ቤት ምሳ ቤት ውስጥ ጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም ነበር፤ ይህን ካልኩ ይበቃል።

በ1972 መስከረም፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ የቀበሌው ሰዎች ሦስት ሆነው መጡ። ከፊት ሊቀመንበሩ ጓድ ፈለቀ ነበር፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚሄድ ረጅም ሰው። ሳማውን ቆሞ አየው።

«ይህ መሬት ምን ያመርታል?» አለኝ።

«ሳማ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ከኋላው ያለው አንዱ ሳቀ። ጓድ ፈለቀ አልሳቀም። «መሬቱ የሕዝብ ነው። ካላመረተ የኅብረት ሱቁ መጋዘን ይሠራበታል።»

«አመርታለሁ።»

«ምን?»

የዚያን ዕለት ጠዋት የምሳ ቤቱ ኃላፊ እትዬ አስካለ፣ ሰላጣ ከገበያ ጠፋ ብላ ስትቆጣ ሰምቻት ነበር። እሱ አፌ ላይ መጣ።

«ሰላጣ» አልኩ።

«ለሰው ነው ለፍየል?» አለ የሳቀው ሰውዬ።

«ለመንግሥት ምሳ ቤት ነው።»

ይህኛው መልስ ሠራ። ጓድ ፈለቀ ወረቀት አውጥቶ ጻፈ። በየሳምንቱ ለምሳ ቤቱ አቀርባለሁ፤ ያቋረጥኩ ዕለት መሬቱ ይወሰዳል። እኔም ፈረምኩ። ሰላጣ ዘርቼ አላውቅም ነበር።

ስለ ምሳ ቤቱ አንድ ነገር ልበል። በዚያ ዘመን ጾመኛ ሆኖ መታየት ለሹመኛ ጥሩ አልነበረም። በረቡዕና በዓርብ ግን መጀመሪያ የሚያልቀው ሰላጣ ነበር። ትልልቁ ሰው ሁሉ ሥጋ ወጡን ገፋ ያደርግና «ዛሬ ሆዴን አሞኛል፣ ሰላጣ ይበቃኛል» ይላል። እትዬ አስካለ ጠረጴዛ ስንጠርግ በጆሮዬ «ይኼ የሆድ ሕመም ረቡዕና ዓርብን ለይቶ የሚመጣ ምን ዓይነት ነው?» ትለኝ ነበር። ጓድ ፈለቀም የዚያው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሆዱን ያመው ነበር ወይ ለሚለኝ፣ እኔ ሳህን አነሣ ነበር እንጂ የሰው ሳህን አልቆጥርም።

የመጀመሪያው ዘሬ አልበቀለም። ከገበያ የተገኘችውን አንዲት እሽግ ዘር እንደ ባቄላ ጣት የሚያህል ጉድጓድ ምሼ ቀበርኳት። እርጥበት እንዲይዝ ብዬም እንጨት ለቃሚዎቹ ከእንጦጦ ሲወርዱ ከሸክማቸው የሚያራግፉትን የባሕር ዛፍ ቅጠል ሰብስቤ አለበስኩት። ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። ሳማ እንኳ አልበቀለም።

አዲሱ ገበያ ላይ የወይዘሮ ሐዋ ሱቅ ነበር፤ ጨውና ሳሙና ከእሷ እገዛለሁ። አንድ ቀን ለእሷ «የሰላጣው ዘር ሞቶ ነው መሰል» ስላት፣ ከሱቁ ውስጠኛ በኩል የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

«ሞቶ ነው ወይስ በቁሙ ቀብረሽው?»

ጋሽ ሰይድን ያወቅኳቸው እንዲህ ነው። የወይዘሮ ሐዋ ባለቤት ናቸው፤ ወሎ ተወልደው፣ አዲስ አበባ በወጣትነታቸው መጥተው፣ ዕድሜያቸውን በአንድ ፈረንጅ ግቢ አትክልተኛ ሆነው የኖሩ። ፈረንጁ አገሩ ሲገባ እሳቸው ሱቁ ውስጥ ከሳሙናው ጀርባ ተቀመጡ። ሚስታቸው «እኔን ነፃ ልታወጪኝ ነው፤ ውሰጂልኝ» አለችኝ። ሳቅን። በማግስቱ ጓሮዬ መጡ።

«ይህን ማን አለበሰው?» አሉ ቅጠሉን በከዘራቸው ገለጥ አድርገው።

«እኔ ነኝ።»

«ባሕር ዛፍ ከሥሩ ሌላ ሲበቅል ማየት አይወድም። እንጦጦ ስትወጪ ከዛፉ ሥር ለምለም ሣር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ከልጅነቴ ጀምሮ እንጦጦ ወጥቻለሁ፤ ልብ ብዬው አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማርኩ። የሰላጣ ዘር ብርሃን ይፈልጋል፤ አይቀበርም። አፈሩን አልሞ፣ ዘሩን በትኖ፣ በመዳፍ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ብቻ ነው። ጋሽ ሰይድ ሲዘሩ አያወሩም ነበር። ቢስሚላህ ብለው ይጀምራሉ፤ እስኪጨርሱ ቢጠሯቸው አይመልሱም። እኔም በስመ አብ ብዬ እጀምርና ዝም እላለሁ። ሁለት ሰው በአንድ መደብ ላይ ዝም ብሎ ሲሠራ ደስ ይላል።

ችግኙ አራት ቅጠል ሲያወጣ ይነቀልና ስንዝር ከአራት ጣት እያራራቁ መትከል ነው። ሌሊት ግንዱን ከአፈሩ እኩል የሚቆርጥ ትል አለ፤ ጠዋት ሲነሡ ችግኙ እንደ ታረደ ተጋድሞ ይገኛል። ለእሱ ከጋዜጣ ትንሽ አንገትጌ ሠርቶ በየችግኙ ዙሪያ ማቆም ነው። ያኔ ጋዜጣ ሞልቶ ነበር። ለቀንድ አውጣ አመድ በዙሪያው። ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን አረንጓዴ ተባይ በቅጠሉ ጀርባ ሲለጠፍ፣ የሳሙና ውሃ ረጭቶ በማግስቱ በንጹሕ ውሃ ማጠብ። ለውርጭ ምሽት ሲቃረብ ጆንያ ማልበስ፣ ፀሐይ ሳይጠነክር ማንሣት። ለፀሐይ ደግሞ የዳስ ጥላ።

ውሃ በጠዋት ብቻ ነው። ጋሽ ሰይድ ከማጠጣታቸው በፊት ሌባ ጣታቸውን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ይከቱና ያወጡታል። ደረቅ ከሆነ ያጠጣሉ፤ እርጥብ ከሆነ «ጠግባለች፣ አታስጨንቂያት» ብለው ወደ ሌላዋ ይሄዳሉ። የወተት ጣሳ ሥሩን በሚስማር በስቼ ማጠጫ ሠርቼ ነበር። ወንዙ ከጓሮዬ ሃያ እርምጃ አይሆንም፤ ቦኖው ግን ዳገት ነው። አንድ ቀን ደክሞኝ ከወንዙ ልቀዳ ስወርድ አዩኝ።

«ሳይበስል ለሚበላ ነገር?» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ባልዲዬን ይዤ ዳገቱን ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ እስከ ዛሬ የወንዝ ውሃ ሰላጣዬን ነክቶት አያውቅም። ኋላ፣ ምሳ ቤቱ ሲዘጋ ለአንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት አቅርቢ ተብዬ ነበር። የወጥ ቤቱ አለቃ ሁሉን በማስመሪያ የሚለካ፣ ሳቅ የማያውቅ ሰውዬ፣ «ውሃው ከየት ነው?» ብሎ መጠየቁ አልቀረም። «ከቦኖ» ስለው ጓሮዬ ድረስ መጥቶ፣ የባልዲዬን ዱካ ዳገቱ ላይ አይቶ ሄደ። ዘጠኝ ዓመት ከእሱ ጋር ሠራሁ። አንድም ቀን አላመሰገነኝም፤ አንድም ቀን ግን አልመለሰብኝም።

ጋሽ ሰይድ ሌላ ልማድ ነበራቸው። ከእያንዳንዷ ሰላጣ ከታች በኩል አንዲት ቅጠል ይቆነጥሩና ይቀምሳሉ። ከመደቡ ጫፍ እስከ ጫፍ እንዲህ ሲሄዱ ጥርሳቸው አረንጓዴ ይሆናል። ከዚያ ከወይዘሮ ሐዋ የስፌት ሣጥን ያመጡትን ቀይ ክር ያወጡና ከመደቡ አምስት መርጠው ግርጌያቸው ላይ ያስራሉ።

«ክር ያላት አትቆረጥም። የዘር ናት» አሉኝ።

«እንግዳ ቢመጣስ?»

«ሊቀመንበሩም ቢመጣ አትቆረጥም።»

ያኔ የውጭ ዘር ከገበያ እየጠፋ ነበር። ዘር የሌለው ጓሮ ጓሮ አይደለም። አምስቱ ተጠብቀው አገዳ ያወጣሉ፣ ያብባሉ፣ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ፀጉር ያበቅላሉ፤ ያን እያሹ ዘሩን ማራገፍ ነው። የሚመርጡት ትልቋን አልነበረም። ጣፋጯን፣ ልቧ የጠነከረውን፣ ከሁሉም ዘግይታ አገዳ የምታወጣውን ነው። ገና ሳታወጣ እንዴት እንደሚያውቁ ስጠይቃቸው «አንገቷን አይቼ» ይሉኛል። እኔ አንገቷ የት እንደሆነ እንኳ ለማየት ዓመት ፈጅቶብኛል።

«ቸኩላ ያበበችውን ዘር አትያዢ» አሉኝ አንድ ጊዜ። «የቸኮለች እናት የቸኮሉ ልጆች ነው የምትወልደው።»

ጨዋታ መስሎኝ ሳቅኩ።

በ1972 እና በ73 ምሳ ቤቱ በሰላጣዬ ጠገበ። እትዬ አስካለ መጥረጊያዬን ተቀብላ ወጥ ቤት አስገባችኝ። ቀበሌው ጋሽ ሰይድን የችግኝ ጣቢያው ኃላፊ አደረጋቸው። ክፍያ የለውም፤ ቁልፍ ብቻ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስምንት ሴቶች እየሰበሰቡ ያስተምሩ ነበር። ወይዘሮ ሐዋ «ያን ቁልፍ በአንገቱ አንጠልጥሎ ነው የሚተኛው» ትላለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ዕረፍታቸው ድረስ ቁልፉ ከአንገታቸው አልወረደም፤ የቀብራቸው ዕለት ወይዘሮ ሐዋ ናት አውልቃ ለእኔ የሰጠችኝ።

አሁን ወደ 1974 ልምጣ።

በመስከረም ችግኙን ባዛወርኩ በሳምንቱ በረዶ ወረደ። ከሥራ ሮጬ ስደርስ ጆንያዎቹን ነፋስ ወስዷቸው ነበር። ነጠላዬን፣ የልጆቹን ብርድ ልብስ፣ ያገኘሁትን ሁሉ መደቡ ላይ ዘረጋሁ። ያልተሸፈነው ላይ በጉልበቴ ተደፍቼ፣ በረዶው ጀርባዬን እየመታኝ፣ ወደ ቁስቋም ዞሬ ተሳልኩ። «እመቤቴ፣ ይህን ብታተርፊልኝ ለበዓልሽ ምርጡን አመጣልሻለሁ» አልኩ። በረዶው አባራ። ከመቶ ችግኝ የሞተው ጥቂት ነው።

በጥቅምት መጨረሻ ጋሽ ሰይድ ወንድማቸው ታመሙባቸውና ወሎ ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት መደቡን ዞረው ቀመሱ፤ አምስቱን ክር አሰሩ። «አደራ» አሉኝ። «እንዴታ» አልኳቸው።

ኅዳር ስድስት የቁስቋም በዓል ነው። በዋዜማው ወደ መደቡ ወረድኩ። ምርጡ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መቅመስ አላስፈለገኝም፤ ክር ታስሮበታል። ብዙ ቆምኩ። ሌሎቹም ደኅና ነበሩ። ከሌሎቹ አምስት መውሰድ እችል ነበር። ግን ምርጡን ብያለሁ። ለእመቤቴ ምርጡን ብሎ ከምርጡ ቀጥሎ ያለውን መስጠት አልሆነልኝም። ዘር ደግሞ ሁሉም ይሰጣል አልኩ በልቤ። ሰላጣ ሰላጣ ነው፤ የየትኛዋ ዘር ቢሆን ምን ለውጥ አለው?

ጎህ ሲቀድ አምስቱን ቆረጥኩ። ክሮቹን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ለነዳያን ምሳ የሚሠሩት እናቶች ዘንቢሌን ሲያዩ ተያዩ። አንድ መሪጌታ በዚያ ሲያልፉ አይተው «ለስለት ጥላ አይቻለሁ፣ በግ አይቻለሁ፤ ሰላጣ ገና ዛሬ አየሁ» አሉ። እናቶቹ በሎሚና በቃሪያ አሰናድተው አቀረቡት። ስለ ጣዕሙ የተናገረ የለም፤ ሳህኑ ግን ባዶውን ተመለሰ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ። ይህን አልደብቅም፤ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

በታኅሣሥ መጨረሻ ከቀሩት መካከል አምስቱ ቀድመው አገዳ አወጡ። ፈጥነው መድረሳቸውን እንደ በረከት ቆጠርኩት። ያን ጊዜ ኪሴ ውስጥ የነበሩትን ክሮች አስታወስኩ። ጋሽ ሰይድ ሲመለሱ አምስት ክር ይፈልጋሉ። እነዚያኑ ክሮች አውጥቼ በእነዚህ አምስት ግርጌ አሰርኩ።

ለምን አሰርኩ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ለንስሐ አባቴም ነግሬያለሁ። ለስለት ነው የቆረጥኩት ማለት የሚያሳፍር ነገር አልነበረም። ግን አደራ ተብዬ «እንዴታ» ብያለሁ። ያንን «እንዴታ» ላለማጠፍ ብዬ ነው መሰለኝ።

በመጋቢት ወንድማቸውን ቀብረው ተመለሱ። ከስተው ነበር። ለቅሶ ልንደርስ ቤታቸው ሄድን፤ በሳምንቱ እሳቸው ጓሮዬ መጡ። ክሮቹን ከሩቅ ቆጠሯቸው። ዘሩ ደርቋል፣ ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። «አላህ ይስጥሽ፣ አደራ አዋቂ ነሽ» አሉኝ። ዘሩን አራገፍን። ግማሹን ለእኔ ተዉልኝ፤ ግማሹን ለችግኝ ጣቢያው ወስደው ለስምንቱ ሴቶች አከፋፈሉ።

ያ ዘር ነው በ1975 ታኅሣሥ አገዳ ያወጣው። ሌላ ዓመት እስከ የካቲት የሚቆየው በአንድ ሳምንት ተመዘዘ። የእኔ ብቻ አይደለም፤ የስምንቱም።

እትዬ አስካለ የወሰድኩላትን ቀምሳ ወዲያው ተፋችው።

«ጥሩነሽ፣ ይኼ እኮ ኮሶ ነው። ሰዎቹን እውነተኛ የሆድ ሕመም እንዲይዛቸው ነው?»

ሁለት ሳምንት ባዶ እጄን ሄድኩ። በሦስተኛው ከቀበሌው ወረቀት መጣ። ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ኮሚቴው ስለ መሬቱ ይወስናል፤ እኔም የችግኝ ጣቢያው ኃላፊም እንድንገኝ።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ጋሽ ሰይድ መጡ። የሴቶቹን ጓሮ ሁሉ ዞረው ነበር። መደቡ ራስ ላይ ያለችው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ዓይኔ ነው» አሉ።

«ምን ሆነ?»

«ከዳኝ። ወንድሜ ታሞብኝ ልቤ እዚያ ነበር፤ አንገታቸውን ሳላይ ነው ያሰርኩት። ወይም ሸምግያለሁ። ሐዋ መነጽር ካልገዛሁልህ እያለች ነው፤ መነጽር ይህን የሚያሳይ መስሏት። ነገ ለኮሚቴው እነግራቸዋለሁ። ዘሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ሴትዮዋ ጥፋት የለባትም እላለሁ። ቁልፉንም አስረክባለሁ። መሬትሽን አይነኩም።»

እጃቸው አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ይዞ ነበር።

ዝም ብል መሬቴ ይተርፍ ነበር። ይህን ለመረዳት ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ሁለቱ ልጆቼ ከቤቱ በስተኋላ ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲጽፉ ይታዩኛል።

«ጋሽ ሰይድ» አልኩ። «እርስዎ ያሰሯቸው አይደሉም።»

ቀና ብለው አዩኝ።

ነገርኳቸው። በረዶውን፣ ስለቱን፣ ኅዳር ስድስትን፣ ክሩን። ስናገር መሬት መሬት ነበር የማየው።

«ለማርያም ነው የሰጠሻቸው?» አሉ ስጨርስ።

«አዎ።»

«አምስቱንም?»

«አምስቱንም።»

«ታዲያ ይሄ ምኑ ይደበቃል? ከእናንተ ማርያም ጋር እኔ ልጣላ ነው?» ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ተቆጥተው ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ብትነግሪኝ ኖሮ ከቀሩት ውስጥ የምትዘገየዋን ቁጭ ብለን እንጠብቅ ነበር። መቁረጥሽ አይደለም ዘሩን ያበላሸው። ክሬን ሌላ ላይ ማሰርሽ ነው። እኔ ይህን ሁሉ ሳምንት በገዛ ዓይኔ ሳላምን ሰነበትኩ እኮ፣ ጥሩነሽ።»

ይቅር በሉኝ አልኩ። ይህ ብቻ ነው ያለኝ።

ከዘራቸውን መሬት ላይ ሁለቴ ሦስቴ ጫር ጫር አደረጉት። ከዚያ ቀስ ብለው «ዓይኔ ደኅና ነው ማለት ነው?» አሉ።

«ደኅና ነው። ያሰሯቸው አምስቱ ከሁሉ የሚበልጡ ነበሩ።»

«ይጣፍጡ ነበር?»

«ሳህኑ ባዶውን ነው የተመለሰው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ፈገግታ አመለጣቸው። «ሐዋን ከመነጽር ዋጋ አዳንሻት።»

ተነሡ። ከኮታቸው ኪስ ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት። ውስጡ ጠቆር ያለ ደቃቅ ዘር ነበር፣ ከአመድ ጋር የተቀላቀለ።

«የ73 ነው። ካገኘሁት ዘር ሲሶውን አልዘራም፤ ፈረንጁ ጋ የተማርኩት ነው። ለአንቺ ሳልነግርሽ ቀረሁ። እኔም የደበቅኩት አለ ማለት ነው» አሉ። «ነገ ግን ያልኩትን እላለሁ። ጓድ ፈለቀ ፊት ለማርያም ተስዬ የምሳ ቤቱን ዘር ቤተ ክርስቲያን ወሰድኩ ብትይ ምን እንደሚሉሽ ታውቂያለሽ። ልጆች አሉሽ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ቁልፍ ቢወስዱብኝ ሳሙና እሸጣለሁ። አንቺ ዝም በይ።»

እስከ በሩ ሸኘኋቸው። ዳገቱን ሲወጡ አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ በእጃቸው ጨብጠውት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ውዳሴ ማርያም ደግሜ፣ ለልጆቹ ቁርሳቸውን አቅርቤ፣ ወደ ጓሮ ወረድኩ። ከሦስቱ መደብ አንዱን ከሥሩ ነቅዬ አጸዳሁት። ከብልቃጡ ሲሶውን አስቀርቼ የቀረውን ዘራሁ፤ በመዳፌ ጠቅ ጠቅ አደረግኩት። እጄን ታጠብኩ። ዘሩን ስናራግፍ ፈትቼ ከእመቤቴ ሥዕል ጀርባ ያኖርኳቸውን አምስት ቀይ ክሮች አወጣሁና ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ።

ቀበሌው ስደርስ ሁለት ሰዓት አልሞላም ነበር። ዘበኛው ደጁን ይጠርጋል። ጓድ ፈለቀ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሜ አገኘኝ።

«ስብሰባው ሦስት ሰዓት ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ። ጋሽ ሰይድ ከመምጣታቸው በፊት የምናገረው አለኝ።»

ከፍቶ ገባ፤ ተከትዬው ገባሁ። ክሮቹን ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደርኳቸው።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ።

«ክር ነው» አልኩ። «ያለ ቦታው ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

ከስለቱ ጀመርኩ።